ዘፋኙ መቼ ይገባል?

የእህቴ ልጅ፣ የላክሽልኝን ዝርዝር አየሁት። መቶ የጃዝ አልበም፣ ከነደረጃው። «ጋሼ፣ ከየትኛው ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለጊዜው ዝርዝሩን ዝጊውና አንድ ነገር ላጫውትሽ።

በጉርምስናዬ የራዲዮ ሱሰኛ ነበርኩ። ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅ በአጭር ሞገድ ጃዝ ያሰማ ነበር። አቅራቢው ዊሊስ ኮኖቨር ድምፁ ወፍራም ነው፤ እንግሊዝኛ ለማይቀናው አድማጭ አስቦ ቃሉን እያሳረፈ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ሞገዱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ትራምፔቱ መሀል ሌላ አገር ዜና ጣልቃ ይገባል። አንድ ምሽት አያትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች ብዙ ታገሠችና፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ። ሳቅሁባት። በራሴ መሳቅ ነበረብኝ፤ ለካ እኔም እየጠበቅሁ ነበር።

እኛ ስንኝ ሰሚዎች ነን። አዝማሪ ቤት ስንገባ ማሲንቆው ምን ቢያምር ጆሯችን ግጥሙ ላይ ነው፤ ብር የምንለጥፈውም ለግጥሙ ነው። ድምፃዊ የሌለው ሙዚቃ የዜና መግቢያ ይመስለናል። ስለዚህ ጃዝ የሚከብድሽ ጆሮሽ ስላልሠለጠነ አይደለም፤ የማይመጣ ሰው ስለምትጠብቂ ነው። ዘፋኙ ገብቷል። ትራምፔቱ እሱ ነው።

ይህን ለመልመድ አንድ ሸክላ ይበቃሻል፤ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»። በ1959 (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) ኒው ዮርክ ውስጥ በሁለት ቀን ተቀረጸ፤ አንዱ በመጋቢት፣ አንዱ በሚያዝያ። አምስት ዜማ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ። ሁሉም ሰው ይህንኑ ነው የሚመክረው፣ አውቃለሁ። እኔ የምመክርሽ ግን ስለ ዝናው ሳይሆን ስለ ቅኝቱ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ጃዝ ኮርድ ያበዛ ነበር። ተጫዋቹ በየሁለት ምቱ የሚለዋወጠውን ኮርድ እያሳደደ ይሮጣል፤ ሰሚውም አብሮ ያለከልካል። ማይልስ ኮርዶቹን ቀነሰና ለተጫዋቾቹ ሙሉ ኖታ ሳይሆን ንድፍ ሰጣቸው፤ አንድ ቅኝት ይዛችሁ ውስጡ ተንሸራሸሩ እንደ ማለት። ትዝታ ወይም አምባሰል ሲቃኝ የሰማ ሰው ይህን አያጣውም። የእነሱ ሰባት ድምፅ ነው፣ የእኛ አብዛኛው አምስት፤ አንድ ናቸው እያልኩሽ አይደለም። ግን በአንድ ቅኝት ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ሳይሰለቹ ማደርን እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን።

የመጀመሪያውን ዜማ «ሶ ዋት»ን ክፈቺ። ፒያኖና ቤዝ ትንሽ ይንሾካሾካሉ። ከዚያ ቤዙ ብቻውን አንድ ሐረግ ይናገራል፤ ሌሎቹ በሁለት ድምፅ ይመልሱለታል። ቤዙ ያወጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ፤ ልክ እንደ ሠርግ ቤት። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ሁሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። ይህችን ከፍታ ከያዝሽ መንገድ አይጠፋሽም። ቀጥሎ ማይልስ ይናገራል፤ ጥቂት ቃል፣ ብዙ ዝምታ። ከእሱ በኋላ ጆን ኮልትሬን በሳክስፎን እንደ ሙግተኛ ይገባል፤ ካነንቦል አደርሊ ደግሞ እየሳቀ፤ ቢል ኢቫንስ በፒያኖ ሊዘጋው። አራት ሰው፣ አራት ጠባይ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቤዙን ብቻ እየተከተልሽ ስሚው፤ ፖል ቻምበርስ ይባላል፣ ያኔ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ወጥ እየሠራሽ አትስሚው፤ በኋላ ትሠሪበታለሽ።

ከዚያ ዝርዝር አያስፈልግሽም። ከሸክላው ውስጥ አንዱን ሰው መርጠሽ ወደ ቤቱ ተከተይው። ኮልትሬን ከያዘሽ «ኤ ላቭ ሱፕሪም» አለ፤ በታኅሣሥ 1964 በአንድ ቀን የተቀረጸ፣ አራት ክፍል ያለው። ለፈጣሪው ያቀረበው ምስጋና ነው። የመጨረሻው ክፍል ላይ አደራሽን ተጠንቅቀሽ ስሚ። ኮልትሬን ራሱ የጻፈው ጸሎት ሸክላው ሽፋን ውስጥ ታትሟል፤ ሳክስፎኑ ያንን ጸሎት ቃል በቃል እየተከተለ ያነበዋል። ጽሑፉን ፊትሽ ዘርግተሽ ከስሩ እየተከተልሽ ብትሰሚ ይገጥምልሻል። አያትሽ በሕይወት ብትኖር ይህን ነበር የማሰማት። ዘፋኙን ትጠይቅ አልነበር?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አንድ ወዳጄ ከውጭ ሲመለስ የዚሁን ሰውዬ «አሴንሽን» በካሴት አምጥቶልኝ ነበር። አሥራ አንድ ሰው፣ አርባ ደቂቃ ያህል፣ በየመሀሉ ሁሉም አንድ ላይ እየጮኸ። ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ አጠፋሁት፤ ኮልትሬንንም ለዓመታት ሸሸሁት። ዛሬ እወደዋለሁ። አንቺ ግን በእሱ አትጀምሪ።

ድምፃዊ ካልሰማሁ ካልሽም አላስቀይምሽም፤ በ1956 ኤላ ፊትዝጄራልድና ሉዊ አርምስትሮንግ አብረው የዘፈኑት አለ። የእሷ ድምፅ እንደ ሐር ነው፣ የእሱ እንደ ጠጠር መንገድ። እሱ ዘፍኖ ሲያበቃ ትራምፔቱን ሲያነሳ ያው ድምፁ መሆኑን ታውቂያለሽ።

«ሙላቱስ?» ማለትሽ አይቀርም። ሙላቱ አስታጥቄን ከማይልስ ቀጥሎ ስሚው እንጂ ቀድመሽ አትስሚው። ቀድመሽ ከሰማሽው ቅኝቱን ስለምታውቂው «የኛው ነው» ብለሽ ታልፊዋለሽ። ጃዝ ቦስተን ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው መሆኑን ይዘሽ በ1972 ኒው ዮርክ የቀረጸውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ብትከፍቺ፣ በአምስቱ ድምፅ ስር ምን እንዳነጠፈ ይሰማሻል። ጌታቸው መኩሪያንም አትርሺ፤ ሽለላን በሳክስፎን ያስፎከረ ሰው ነው፣ ለእሱስ ማንም ዘፋኝ አይጠብቅም። በ1973 ደግሞ ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከጃንሆይም ተሸለመ። የኮኖቨር ፕሮግራም መክፈቻ የእሱ ባንድ ዜማ ነበርና ያንን ሰው አገሬ ላይ ለማየት ጓጓሁ። መግቢያ አላገኘሁም። በቀጣዩ ግንቦት ሞተ።

ከሁሉ ለብቻሽ ምሽት ያስቀመጥሁልሽ ቢል ኢቫንስን ነው። ሰኔ 25 ቀን 1961 ኒው ዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል ምድር ቤት ውስጥ ከቤዚስቱ ከስኮት ላፋሮና ከድራመሩ ከፖል ሞሽን ጋር ተጫወተ፤ «ዎልትዝ ፎር ዴቢ» የዚያን ቀን ነው። ላፋሮ ቤዙን አጃቢ አላደረገውም፤ ፒያኖውን አቋርጦ ያወራል፣ ይመልሳል። ከኋላቸው ሰው ያወራል፣ ብርጭቆ ይጋጫል። ግማሹ አልሰማም። ከዚያ ቀን በአሥራ አንደኛው ላፋሮ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር።

ዝርዝርሽን ለጊዜው አታጥፊው። ቤዙን ከፒያኖው መለየት የቻልሽ ዕለት ደውይልኝ፤ ማታም ቢሆን።