የወንዙ ራስጌና ግርጌ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ላይ ግን ይህ ተረት አልሠራም። የአፋርን በረሃ አንድ ቀን እንኳ ሳናየው ይናፍቀናል፤ ያውም በአውቶቡስ ሳይሆን በብስክሌት፣ አስፋልቱን ትተን፣ ካርታ ላይ እንደ ክር በቀጠነችው የግመል መንገድ። ለምን? ስንባል መልሳችን አንድ ነው፤ ማንም ያልረገጠውን ልንረግጥ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ መልስ ነው። ሰው የሌላውን አገር «ያልተረገጠ» ብሎ ሊጓዝበት ይገባዋልን? ከሄደስ ምን ዕዳ አለበት?

እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን፣ በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የአዋሽን መጨረሻ ፍለጋ በ1926 ዓ.ም. በረሃውን በእግርና በግመል አቋረጠ። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀርም ለዓለም ገለጸ። ጉብዝናውን አንክድም። ግን ለማን ነው የገለጸው? አፋር እንደሆነ በዚያ ምድር ከብቱን ሲያግድ ኖሯል። ቴሲጀርም በአውሳ በኩል ያለፈው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ስለፈቀዱለት ነው። አገሩ ባለቤት ባይኖረው ኖሮ ፈቃድ ከማን ይጠየቅ ነበር? ስለዚህ «ያልተረገጠ» ስንል «እኛ ያልረገጥነው» ማለታችን ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

እንዲያ ከሆነማ ቤታችሁ ተቀመጡ የሚለን አይጠፋም። የለም፣ ይህን አንቀበልም። መኪና የያዘ ሰው ውኃውን በጀሪካን ጭኖ፣ መስተዋቱን ዘግቶ፣ አቧራውን በመንደሩ ላይ አራግፎ ያልፋል። ባለብስክሌቱ ይህን አይችልም። በዚያ ሙቀት ፔዳል ለሚመታ ሰው በቀን 8 ሊትር ውኃ እንኳ ላይበቃው ይችላል፤ የሦስት ቀኑ ብቻ 24 ኪሎ ነው። ይህን ተሸክሞ አሸዋው ጎማውን ሲውጠው ወርዶ ይገፋል፤ የግራር እሾህ ሲበሳው ቁጭ ብሎ ይለጥፋል። በመጨረሻም ወደ ሰው ቤት ሄዶ «ውኃ አጠጡኝ» ማለቱ አይቀርም። ብስክሌት ጎማዋ ሳይተነፍስ ኩራትን ታስተነፍሳለች። እኛ እንደምናምነው ትልቁ ዋጋዋ ይኸው ነው፤ ተጓዡን ከአሳሽነት ወደ እንግድነት ታወርደዋለች።

እንግዳ ደግሞ ይጠየቃል። አፋር ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለው። በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቆም ብለው፣ ቁጭ ብለው፣ ከመጡበት አገር ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ። ወሬው እውነት መሆን አለበት፤ የሰማው ሰው ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስነው በእሱ ነውና። ታዲያ ሳይክሉን ግራር ላይ አስደግፎ ውኃ የለመነ ተማሪ «አንተስ ከየት መጣህ? ያገርህ ወሬ ምንድን ነው?» ቢባል ምን ሊል ነው?

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሠፈራችን የሚያልፉት ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አቤ ላይ ያልቃል። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን የምንደፋው እጣቢ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ፣ የፋብሪካው ዝቃጭ ጉዞውን ከእኛ ቀድሞ ጀምሮታል። እርግጥ ነው፣ ሁሉም ጠብታ በረሃው አይደርስም፤ ቆቃ ግድብ ያስቀረዋል፣ እርሻው ይጠጣዋል፣ ሌላው ገባር ያቀጥነዋል። ግን ይህ የጠበቃ ክርክር ነው። መንገድ ላይ የቀረውም ቢሆን የቀረው ሰው ባለበት ነው እኮ!

በተረቱ ጅብ ከላይ ሆኖ እየጠጣ ከታች ያለችውን አህያ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ሲላት፣ እሷ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ልጆች ሳለን የአህያዋን እውነት ለመረዳት ማንም አላስቸገረንም። ዛሬ ካርታውን ብንዘረጋው ግን ከላይ ያለነው እኛ ነን። ከራስጌ ያለ ሰው ለግርጌው ሳያማክር ሲወስን አዲስ ነገር አይደለም። የጥጥ እርሻ በአዋሽ ዳር ሲስፋፋ አፋር የበጋ ግጦሹን አጣ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱ ያለቀው ዝናብ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። መሄድ መብት ሳይሆን መጠየቅ ነው፤ የጠየቀም መልስ ይዞ መሄድ አለበት። በረሃው ባዶ የሚመስለን እኛ ከላይ ሆነን የምናደርገው ነገር እዚያ ምን እንደሚያደርስ ስለማናይ ነው። እውነት ያልረገጥነው መንገድ ካለ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አፍንጫችንን ይዘን በድልድይ የምንሻገረው የራሳችን ወንዝ ዳርቻ ነው። የአፋርን መንገድ የናፈቅን ሁሉ በመጀመሪያ ከኮልፌ እስከ አባ ሳሙኤል ውኃውን ተከትለን እንውረድ፤ ማን ምን እንደሚደፋበት፣ ማን ጎመን እንደሚያጠጣበት፣ ማን ልብስ እንደሚያጥብበት እንይ፣ እንጻፈው፣ በየቀበሌውም እንናገረው። ከዚያ ወዲያ በረሃው ቢቀበለን፣ ዳጉ ስንጠየቅ ቢያንስ የማናፍርበት እውነተኛ ወሬ ይኖረናል፤ ጥሩ ወሬ ባይሆንም።