ባለቤቱ የሌለበት መንበር

መንበር የሚለው ቃል ሁለት ከፍ ያሉ ነገሮችን ይጠራል፤ አንዱ ንጉሥ ተቀምጦ የሚፈርድበት ዙፋን ነው፤ ሁለተኛው በመቅደስ ታቦቱ የሚያርፍበት ነው። ሁለቱንም የሚሠራቸው ዕንጨት ጠራቢ ነው፤ ዕንጨታቸውም ከአንድ ጫካ የተቈረጠ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የእነዚህ ክብር ከምን ይመጣል?

በመቐለ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት የተቀረጸ የዕንጨት ዙፋን ተጠብቆ ለጎብኚ ሲታይ ኖሯል። ቤተ መንግሥቱን በ1870ዎቹ ዓመታት ያነጸው ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ኢጣልያዊ አናጢ ነው። የዚህ ሰው አገር ጦር በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ድል መሆኑን ስናስብ፣ የእጅ ጥበብ ጠብ አያውቅም ያሰኛል።

ዙፋኑ ግን ባለቤቱን አልተከተለም። ዐፄ ዮሐንስ በጥር 1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለውን የማህዲስት ጦር ሊገጥሙ ወደ መተማ ወረዱ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጊያው መካከል ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። አስከሬናቸው በመንገድ ተማርኮ ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ዕንጨቱ ሲተርፍ የባለቤቱ ሥጋ መቃብር አጣ። ከሸሕዲ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርድ መንገደኛ የሚደርስባት ከተማ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በእኛ አስተያየት ንጉሡን ከዙፋኑ ይልቅ ይህ ስም ያከብራቸዋል፤ ዙፋኑ የተቀበሉትን ሲያሳይ መተማ የሰጡትን ታሳያለችና።

እንዲህም ሲሆን «ዕንጨት ዕንጨት ነው፤ ቢቃጠልስ ምን ይጎዳል?» ከሚሉት ጋር አንስማማም። የታቦቱ መንበር ክብሩ ታቦቱን በመሸከሙ ነው፤ ሰው ሁሉ ቢዘነጋውም አይጐድልበትም። የንጉሥ ዙፋን ግን ክብሩ ከሚያስታውሱት ሰዎች የተበደረ ነው፤ ታሪኩን የሚነግር ሲጠፋ ወንበር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የጠባቂው ሥራ አቧራ መጥረግ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን መንገር ነው እንጂ።

በዚሁ በመተማ ቆላ ደግሞ ሳይቀረጽ የሚከበር ሌላ ዕንጨት አለ፤ ይኸውም ዋልያ መቀር የሚባለው የዕጣን ዛፍ ነው። ልጡ ይቈስላል፤ ከቍስሉ የሚፈሰው ሙጫ ደርቆ ዕጣን ይሆናል፤ በካህኑ ጽና ውስጥም ይጤሳል። ለደረቀው ዙፋን ገመድ ዘርግተን «አትንካ» እንላለን፤ ሕይወት ያለውን ዛፍ ግን ከልክ በላይ እናቈስለዋለን። ቡቃያውን ከብትና የሰደድ እሳት ያጠፉታል፤ ደኑም ለሰሊጥ እርሻ ይመነጠራል። ያለ ዕረፍት የሚቈስል ዛፍ ፍሬው እያነሰ፣ የሚበቅል ዘሩም እየመነመነ ይሄዳል፤ የቆሙት ሲያረጁ የሚተካቸው ችግኝ በብዙ ስፍራ አይታይም።