ምርቃትና ከረሜላ

በልጅነቴ በጉንደ ወይን ገበያ ጤፍ የገዛ ሰው ቁናው ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ፣ ገንዘቡን ቈጥሮ ከመስጠቱ በፊት፣ ሻጪቱን «በይ መርቂልኝ» ይላት ነበር። እርስዋም አንዳንድ ጊዜ እየሣቀች፣ አንዳንድ ጊዜም ፊቷን ቋጥራ፣ ከጆንያዋ በእጇ ዘግና በስልቻው ላይ ትጨምርለታለች። ይህ ጭማሪ ምርቃት ይባላል። ልማዱ በቢቸናም በሞጣም በመርካቶም ያለ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሞ ያየሁት በተወለድሁበት በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በዚያችው ከተማ ስለ ሆነ ነገሬን ከዚያ እጀምራለሁ። ዛሬ በብዙ ስፍራ ቁናው ቦታውን ለሚዛን ለቅቋል፤ የሚዛን መርፌም እፍኝ አታውቅም። ሆኖም ባለሚዛኖቹ ሳይቀሩ ገዢው አጥብቆ ከለመናቸው ጥቂት ጣል ያደርጋሉ።

ለዚህ እፍኝ እህል አማርኛችን የመረጠለት ስም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሽማግሌ ከማዕድ በኋላ ተነሥቶ የሚሰጠውና ባለጤፏ ከጆንያዋ የምትዘግነው በአንድ ቃል ይጠራሉ። በሁለቱም ዘንድ ዋናው ነገር አስቀድሞ አልቋል። ማዕዱ ተበልቷል፤ ቁናውም ሞልቷል። ምርቃት ከሚገባው በላይ የሚመጣ ነው እንጂ የሚገባው ነገር ምትክ አይደለም። ቁናውን አጕድላ የምትመርቅ ሴት ብትኖር ገበያተኛው «ምርቃትሽ ይቅርብኝ፤ ቁናዬን ሙይልኝ» ይላታል።

አሁን ደግሞ ገዢን ለመሳብ፣ ስቦም ለማቆየት የሚደረገው ነገር እጅግ በዝቷል። ሁለት የገዛ ሦስተኛውን በነጻ ይወስዳል፤ የስልክ ሒሳብ የሞላ ተጨማሪ ደቂቃ ይታከልለታል፤ ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠ መኪና በዕጣ እንደሚደርሰው ይነገረዋል። ስለዚህ ጉዳይ ስንጨዋወት አንድ ነጋዴ ወዳጄ፣ «እናንተ ጸሐፊዎች ያገር ቤቱን ምርቃት ታመሰግናላችሁ፣ የኛን ሽልማት ትነቅፋላችሁ፤ ሁለቱም ግን ወፍ ለማጥመድ እንደሚበተን እህል ናቸው» አለኝ። ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም።

እውነቱን ለመናገር የአነጋገሩ እኩሌታ ልክ ነው። ባለጤፏ ለጽድቅ ብቻ አትመርቅም። መንገደኛውን በቍንጥጫ ታሰናብተዋለች፤ በየሳምንቱ ለሚመጣው ግን መዳፏን አስፍታ ትዘግናለች። ይህም ሒሳብ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው፣ የግብረ ገብን መሠረት በመረመረበት መጽሐፉ ምሳሌ አድርጎ ካመጣቸው ሰዎች አንዱ ባለሱቅ ነው። ይህ ባለሱቅ ላልለመደ ገዢ ዋጋ አያስወድድም፤ ለሁሉም አንድ ዋጋ ስለሚጠይቅ ሕፃን እንኳ ከዐዋቂ እኩል ከእርሱ ይገዛል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ጥቅሙ ስላዘዘው ብቻ እንደ ሆነ፣ ሥራው ትክክል ቢሆንም ግብረ ገባዊ ዋጋ የለውም ይላል ካንት። እንዲህ ከሆነ የባለጤፏም እፍኝ፣ የነጋዴው ወዳጄም ሽልማት በአንድ ሚዛን ቀልለው ይገኛሉ ማለት ነው።

ዳሩ ግን ካንት የመረመረው የሻጩን ልብ ነው። ልብን ፈጣሪ ያየዋል፤ ለገዢ የሚታየው ቁናው ነው። ደግሞም ጥቅም የገባበት ነገር ሁሉ ነውር አይደለም። ደንበኛ ሥራ፣ ደንበኛ ሰው ስንል በወጉ የሆነ፣ ደንብ ያለው ማለታችን ነው። ዘወትር ከአንድ ሻጭ የሚገዛውንም ሰው በዚሁ ስም እንጠራዋለን፤ ይበልጥ የሚደንቀው ግን ሻጩ ገዢውን፣ ገዢውም ሻጩን «ደንበኛዬ» ማለታቸው ነው። በሁለቱ መካከል ያልተጻፈ ደንብ አለ። አንዱ ሳያጐድል ይሰፍራል፤ ሌላው ወደ ጎረቤት ሳያማትር ይመጣል። ከዚህ ደንብ ሁለቱም ቢጠቀሙ ማን ተበደለ?

ስለዚህ መጠየቅ የሚገባን «ለምን ሰጠ?» ብለን ሳይሆን፣ «ከማን ቁና ወስዶ፣ ለማን ሰጠ?» ብለን ይመስለኛል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም።

እናቴ ስኳርና ላምባ እንድገዛ ትልከኝ ነበር። ከቤታችን በላይ ሁለት ሱቆች ፊት ለፊት ነበሩ። የአንደኛው ባለሱቅ ዝምተኛ ነው፤ መዝኖ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ መልሱን ሰጥቶ ያሰናብታል። ሁለተኛው ግን በስሜ ጠርቶ ይቀበለኛል፤ ልሄድ ስልም ከጠርሙሱ አንዲት ከረሜላ አውጥቶ በመዳፌ ያኖርልኛል። ከየትኛው ዘንድ እገዛ እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም። እንዲያውም እናቴ ሳትልከኝ «የሚገዛ የለም ወይ?» እያልሁ እጠይቅ ነበር።

እናቴ ፊደል አልቈጠረችም፤ ነገር ግን ግማሽ ኪሎ ስኳር በቤቱ ስኒ ስንት እንደሚሞላ ታውቃለች። አንድ ቀን ያመጣሁላትን እየሰፈረች ወደ ቆርቆሮው ስትገለብጥ ጐደለባት። ደግማ ሰፈረች። ከዚያ በኋላ ከማን እንደ ገዛሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ለምን ከእርሱ ዘንድ እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ዝም አልሁ። ከረሜላው በጕንጬ ውስጥ ገና አልሟሟም ነበር። «ለካ ከረሜላውን የምገዛልህ እኔ ነኝ» አለች።

የባለሱቁን ብልኀት የተረዳሁት ዐዋቂ ከሆንሁ በኋላ ነው። ገንዘቡ የእናቴ ነው፤ ስኳሩን የሚጠቀመው ቤተ ሰቡ ነው፤ ሱቁን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ስጦታውን ለባለገንዘቧ ሳይሆን ለመራጩ ሰጠ፤ ዋጋውንም ከባለገንዘቧ ስኒ ቀነሰ። ባለጤፏ የምትመርቀው የከፈለውን ሰው ነው፤ የምትመርቀውም ከራስዋ ጆንያ፣ በገዢው ዐይን ፊት ነው። በአንዲት ከረሜላና በአንድ እፍኝ ጤፍ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ የነጋዴው ወዳጄም ክርክር የሚሰነጠቀው በዚህ ላይ ነው።

ይህን የልጅነት ነገር ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። የዚህ መጽሔት አንባቢ አብዛኛው በሌላ ሰው ገንዘብ የሚመርጥ ነው። ሹሙ ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ይገዛል፤ መምህሩ ወላጅ የሚገዛውን መጽሐፍ ያዝዛል፤ ሐኪሙ ሕመምተኛው የሚከፍልበትን መድኃኒት ይጽፋል። ሁላችንም የተላክን ልጆች ነን።

የአውሮፕላንን ጉዞ እንመልከት። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 መንገደኛው የበረረውን ማይል እየቈጠረ በነጻ ትኬት የሚመልስበትን ዕቅድ ጀመረ፤ ዛሬ የብዙ አገር አየር መንገዶች ይህን ያደርጋሉ፤ የእኛውም ሸባ ማይልስ የሚባል አለው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ሲጓዝ ይህ ከምርቃት ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ማይሉ የሚመዘገበው በወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው እንጂ ለከፈለው አይደለም። ትኬቱን መሥሪያ ቤት የገዛ እንደ ሆነስ? ትላልቅ መንግሥታት በዚህ ተለያይተዋል። በጀርመን አገር በመንግሥት ጉዞ የተገኘ ማይል ለግል ጉዞ መዋሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ብርቱ ሁከት አስነሥቶ፣ የበርሊን የኢኮኖሚ ጉዳይ ኀላፊ የነበረው ግሬጎር ጊዚ በዚሁ ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። የአሜሪካ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ባወጣው ሕግ የፌዴራል ሠራተኞቹ በሥራ ጉዞ ያገኙትን ማይል ለራሳቸው እንዲያደርጉት ፈቀደ። የአሜሪካኖቹ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ የተላከ ሰው ከልጆቹ ተለይቶ በየአየር ማረፊያው ሲያድር ጥቂት ነገር ቢያገኝ ምን አለበት? እናቴም አስቀድማ «ከረሜላ ቢሰጥህ ብላ» ብላኝ ቢሆን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ባለገንዘቡ ዐውቆ፣ በግልጥ የለቀቀው ነገር ስርቆት አይባልም። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚያነጻው ማይሉን ነው፤ ምርጫውን አያነጻውም። የተፈቀደለትም ሰው ቢሆን ርካሹን ትቶ ማይል የሚቈጥርለትን አየር መንገድ የሚመርጥበት ቀን ይመጣል። ስለዚህ ወደ ጀርመኖቹ አደላለሁ።

በሰው ከመፍረድ በራሴ የደረሰውን ልናገር። በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል በነበርሁበት ዘመን ዕቃ የሚያቀርብልን አንድ ድርጅት በዘመን መለወጫ አጀንዳና የቀን መቍጠሪያ ላከልኝ። ይህን የማይቀበል ማን አለ? በየቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ እንዲሁ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት ጨረታ ሲከፈት ግን ከቀረቡት ማመልከቻዎች ሁሉ አስቀድሜ ያነሣሁት የዚያን ድርጅት ሆኖ አገኘሁት። ይህን ያደርጋሉ ብዬ ከጠበቅኋቸው ሰዎች አንዱ እኔ አልነበርሁም። ጨረታውን ሌላ ድርጅት አሸነፈ፤ ስለዚህ ማንም አልተበደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው ዕይታዬ በአንዲት አጀንዳ ተገዝቶ ነበር፤ ዋጋዋም በዕቃው ዋጋ ውስጥ ሳይታሰብ አልቀረም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የማይገባ ጥቅም እንዳይቀበል ከልክለዋል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ደግሞ ክልከላውን ወደ ሕዝባዊ ድርጅቶችም አስፍቶታል። ሕጉ ግን ትልቁን ጥቅም ይይዛል እንጂ አጀንዳዋን አይይዝም፤ ይያዝ ቢባልም መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ባዶ ይቀሩ ነበር። ያን ያህል ትንሽ ነገር የሚጠበቀው በሰውዬው በራሱ ነው።

ስለ ዕጣው ብዙ አልልም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ሰው ዕድሉን የሚሞክርበትን ትኬት ለይቶ እንዲገዛ ሆነ፤ ትኬት የገዛ ሰው የገዛው ትኬት መሆኑን ያውቃል። በቆርኪ ሥር የተደበቀው ሽልማት ግን የተጠማውንና ዕድል ፈላጊውን በአንድ ጠርሙስ ይቀላቅላቸዋል። የመኪናው ዋጋ ከብዙ ሺህ ጠርሙስ ተለቅሞ ለአንዱ ይሰጣል፤ የቀሩት ከቆርኪው በቀር የሚያገኙት የለም። ባለጤፏ አንዱን ብቻ በጆንያ መርቃ ሌላውን ሁሉ በባዶ አትሸኝም። ከዚህ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ሱቅ የከፈቱት ሸማኔዎች ያደረጉት ይሻላል። ዕቃውን በገበያው ዋጋ ሸጠው፣ የተረፈውን ትርፍ በመጨረሻ ለእያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን መለሱለት። እነዚህም ገዢን መሳብና ማቆየት ፈልገው ነበር፤ ሆነላቸውም፤ የመለሱት ግን ለከፈለው ሰው፣ ከከፈለው ላይ ነው።

ዕቃ ሲጠፋ ደግሞ ምርቃት ተገልብጦ ይታያል። ስኳር ወይም ዘይት ያጠረ ጊዜ፣ «ስኳሩን ከፈለግህ ይህንንም ሳሙና ውሰድ» የሚል ባለሱቅ ያጋጠመው ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ መራቂው ሻጭ ሳይሆን ገዢው ይሆናል። በጥጋብ ጊዜ የሚመርቅ ሻጭ ደንበኛውን የወደደ መሆኑ የሚታወቀው በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

እናቴ ያን ዕለት አልመታችኝም። በማግሥቱ ግን ለላምባ ወደ ዝምተኛው ባለሱቅ ላከችኝ፤ በሌላም ቀን ስኳር ከእርሱ ዘንድ እንድገዛ አዘዘችኝ። ሰውየው እንደ ልማዱ ምንም ሳይናገር መዘነ፤ መርፌዋ ከቆመች በኋላ በማንኪያ ጥቂት ስኳር ጨመረና ወረቀቱን አጠፈ። «ይቺ ለናትህ ናት» አለኝ። ለእናቴ ነገርኋት፤ ደስ አላት፤ በስኒም ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ የተረፈውን አሳየችኝ። እኔ ግን ያን ቀን ከሱቅ እስከ ቤት ድረስ የሄድሁት የዚያኛውን ሰው ጠርሙስ እያሰብሁ ነበር።