አደራና ዝምታ

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ የከበደው አደራ ነው። ገንዘቡን በአደራ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ ቢጠፋበት ሌላ ሠርቶ ሊተካው ይችላል፤ ልጁን በአደራ የሰጠ ወላጅ ግን የሰጠው የማይተካውን ነው። አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ሆኖም ልጃቸውን ለየኔታ ሲያስረክቡ ብዙ አይናገሩም፤ እጅ ነሥተው፣ «እንግዲህ ልጅዎ ነው» ብለው ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲያ ፊደሉንም ዳዊቱንም፣ ተግሣጹንም ምርቃቱንም ለመምህሩ መተው የጨዋ ወላጅ ወግ ነበር።

ይህ ዝምታ ከቸልተኝነት የመጣ አልነበረም። መንደሩ ሁሉ መምህሩን ያውቃል፤ መምህሩም የልጁን አያት ሳይቀር ያውቃል። ያልተነገረው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበር መናገር አላስፈለገም። እንግዲህ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ መተዋወቁ በሌለበት አገር ያው ዝምታ አክብሮት ሆኖ ይቀራልን? ወይስ አደራን እንደ መጣል ይቈጠራል?

በዩናይትድ ስቴትስ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ የአገራችን ሰዎች ይኖራሉ፤ እኔም ከነርሱ አንዱ ነኝ። እዚያ የደረሰ ወላጅ እንደ ልማዱ ትምህርትን ከላይ እስከ ታች የሚያዝ አንድ ሚኒስቴር ቢፈልግ አያገኝም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት የሚለውን ቃል እንኳ አያነሣም፤ ሥልጣኑ የየግዛቱ ነው፤ ግዛቱም አብዛኛውን ሥራ ለየአካባቢው የትምህርት ቦርድ ይተዋል። የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የሄደ ሰው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሌላ ሕግ፣ ሌላ ፈተናና ሌላ ቦርድ ይጠብቀዋል። ልጁ የሚገባበትን ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው የቤቱ አድራሻ ነው። ከትምህርት ቤቱ ገቢም ትልቅ ክፍል የሚሰበሰበው በአካባቢው ቤትና መሬት ላይ ከሚጣለው ግብር ስለሆነ፣ ቤት የተከራየ ወላጅ ሳያውቀው ትምህርት ቤት መርጧል ማለት ነው። የልጁ ውጤት ሲመጣም «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ደረጃ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ባለማወቄ አላፍርም፤ አለማወቅ ኀጢአት አይደለምና። የማፍርበት ሌላ ነው።

ሴት ልጄ በስድስት ዓመቷ አንደኛ ክፍል ገባች። በኅዳር ወር መምህርቷ ወላጆችን በየተራ ስታነጋግር እኔም ተጠራሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ እንጂ ለቁም ነገር የማይበቃ ስለ ነበር፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ወንድሟን አስተርጓሚ አድርጌ ይዤው ሄድሁ። መምህርቷ ረጅም ነገር ተናገረች። ልጁ ጥቂት ዐስቦ፣ «አባባ፣ በክፍል ውስጥ ዝም ትላለች ነው የምትለው» አለኝ። ደስ አለኝ። በኛ ዘንድ በመምህር ፊት ዝም ያለች ልጅ ጨዋ ናትና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ካጠፋችም ይቅጡልኝ» አልሁ። ልጁ ይህን ሳይተረጉመው ቀረ። መምህርቷ ጥያቄ እንዳለኝ ብትጠይቀኝ፣ መምህርን መጠየቅ መመርመር መስሎ ታየኝና «የለኝም» ብዬ ተነሣሁ። ከሳምንት በኋላ የሚፈረም ወረቀት መጣ። ትምህርት ቤት የላከውን ወረቀት ማዘግየት ነውር መስሎኝ፣ ሳላስነብብ ፈረምሁ።

ጥቂት ቈይቶ ከትምህርት ቤቱ አንዲት ሴት በአማርኛ አስተርጓሚ በኩል በስልክ ጠየቀችኝ። «ልጅዎ በቤት ትናገራለች?» ሣቅሁ። «እንዴታ! ማታ ማታ በተረቷ እንቅልፍ ትነሣናለች እንጂ» አልሁ። በስልኩ ውስጥ ለጊዜው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ልጄ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ በክፍሏ አንዲት ቃል አልተናገረችም ነበር፤ መምህርቷም የንግግር ጉድለት እንዳለባት ጠርጥራ ነበር። የፈረምሁት ወረቀት ልጄ እንድትመረመር የሰጠሁት ፈቃድ ኖሯል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ በኋላ በተሻሻለው ሕግ ጉድለት ያለበት ልጅ እንደሚገባው የመማር መብት አለው፤ ትምህርት ቤቱም ልጁን ከመመርመሩ በፊት የወላጁን የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ መምህርቷም የሚገባትን አደረገች። የጐደልሁት እኔ ነኝ። ሳያውቁ የሰጡት እሺታ ፈቃድ ሊባል አይችልምና። አዲስ ቋንቋ የሚማሩ ሕፃናት አንዳንድ ጊዜ ከመናገራቸው በፊት ለወራት ያዳምጣሉ። ይህን ዝምታ ከሕመም የሚለየው አንድ ማስረጃ፣ ልጅቷ በእናቷ ቋንቋ እንደ ልቧ መናገሯ ነበር፤ እርሱም በኔ ዘንድ ብቻ ነበር። መምህርቷ ያን የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ እኔ ግን አክባሪ መስዬ ከለከልኋት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ «ወላጅ መምህርን መጠየቅ ከጀመረ መከባበር ይጠፋል፤ ዝም አይነቅዝም ተብሎ የለምን?» ይለኝ ይሆናል። ተብሏል። ነገር ግን ያው ሕዝብ፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎም ተርቷል። አደራ የሰጠ ሰው ስለ አደራው ቢጠይቅ ባለአደራውን አላዋረደም፤ የሚያዋርደው በክፉ ልብ የሚጠይቅ ነው።

በ1974 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ላው እና ኒኮልስ» በሚባለው ክርክር የሰጠው ፍርድ ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እንግሊዝኛ የማያውቁ የቻይና ተወላጅ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ መምህር ይማሩ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የ1964ን የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አድርጎ፣ የማይገባቸውን ትምህርት ለሁሉም አንድ ዐይነት አድርጎ ማቅረብ እኩልነት እንዳልሆነ ወሰነ። ይህ ፍርድ የተሰጠው በትምህርት ቤት ላይ ነው፤ እኔ ግን በራሴ ላይ አነበብሁት። አንድ ዐይነት መጽሐፍ እኩልነት እንዳልሆነ ሁሉ፣ አንድ ዐይነት ዝምታም በሁሉ ስፍራ አክብሮት አይደለም። አባቴ ለየኔታ ያሳየውን አክብሮት እኔ ለዚያች መምህር ላሳይ ብፈልግ፣ እርሱ ዝም ባለበት እኔ መናገር ነበረብኝ።

ሌላም በደል ነበረብኝ። የዐሥራ አንድ ዓመቱን ልጅ በሁለት ታላላቅ ሰዎች መካከል አቁሜ የእኅቱን ዕጣ አሸከምሁት። እርሱ አልዋሸም፤ የሰማውን በዐቅሙ ነገረኝ። ነገር ግን ልጅ የአባቱ አፍ ሲሆን አባትነት ቦታውን ይለቅቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወላጁ የሚያውቀው ልጁ የነገረውን ብቻ ነው። ያንጊዜም በሩ ዝግ አልነበረም። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ዓ.ም. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተካቷል፤ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ጽሑፍ ያወጣሉ። በሩ ግን ለሚያንኳኳ ነው።

ስለዚህ ተመልሼ ሄድሁ፤ አስተርጓሚ እንዲቀርብልኝም ለመንሁ። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ልጄ ምን ትማራለች? የሚያሳስብዎት ምንድን ነው? እኔስ በቤት ምን ላድርግ? መምህርቷ በጥያቄዬ አልተቈጣችም፤ ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ ትመልስልኝ ጀመር። በፋሲካ ሰሞንም ልጄ ከአጠገቧ ለተቀመጠችው ልጅ፣ «እርሳስሽን አውሺኝ» ማለቷን ነገረችኝ።

እንግዲህ በሰው አገር ልጅ የምታሳድግ ወንድሜ፣ የምታሳድጊ እኅቴ ሆይ፤ ወግን መጠበቅ መልካም ነው። ነገር ግን ወግ የተሠራው ልጁን ለመጠበቅ መሆኑን አንርሳ። አገር ሲለወጥ የወጉ መልክ ይለወጥ፤ አደራው ግን አይለወጥ። ያልገባንን ወረቀት ከመፈረም ይልቅ «አልገባኝም» ማለት፣ ለልጁም ለመምህሩም የሚሰጥ የመጀመሪያው ክብር ነው።