እግዚአብሔር ቢፈቅድ ብሎ ማቀድ

የባሌ ስንዴ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያቅዳል። በሲናናና በአጋርፋ ሜዳ በመጋቢት ግድም የሚዘራው «ጋና» አለ፤ ከሐምሌ ጀምሮ የሚዘራው «ቦና» አለ። በሁለቱም ወቅት የዘር ዓይነት ይመረጣል፣ የማዳበሪያ ብር ይቆጠራል፣ ትራክተር የሌለው ከባለ ትራክተር ይዋዋላል፣ አዝመራው ሲደርስም ዝናብ እንዳይቀድም ለኮምባይነር ወረፋ ይያዛል። ሮቤ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው ስለ ነገ የሚነጋገሩ ሰዎችን ለመስማት ብዙ አይደክምም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ባሌንና አርሲን መታ። ክፉኛ ከተጎዱት ዝርያዎች አንዱ በምርታማነቱ ተወዶ በየማሳው የተዘራው ኩብሳ ነበር። ገበሬው ከዚያ ተማረና ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲጋሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2013 እና በ2014 መካከል፣ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣና ያንኑ ዲጋሉን አጠፋው።

ይህ ገበሬ ምን አጠፋ? አሰበ፣ ጠየቀ፣ ካለፈው ተማረ፣ የተሻለውን መረጠ። መስከረም በጠባ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ሆነ በአነቃቂ ንግግር መድረክ ስለ ግል ግብ የምንሰማው ግን ሁለት ነገር ነው፦ በደንብ ያቀደ ይሳካለታል፤ ጸልዮ ያቀደ ደግሞ አብልጦ ይሳካለታል። ዲጋሉን የዘራው ሰው ከየትኛው ይመደብ? በዚያ ደጋ ላይ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ፈጣሪውን ሳይለምን ዘር የሚበትን ገበሬ ያለ አይመስለኝም። በደንብ አቅዶ፣ ጸልዮም፣ ማሳው ነደደበት።

እንግዲህ የክርስቲያን ግብ ከሌላው ሰው ግብ የሚለየው ውጤቱ ዋስትና ስላለው ሊሆን አይችልም። ታዲያ በምን ይለያል?

በሉቃስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ ያለው ምሳሌ የእህል አገር ሰው በቀላሉ የሚገባው ነው። እርሻው የሰጠው አንድ ባለጸጋ ጎተራው ይጠበውና አፍርሶ ሰፋ ያለ ለመሥራት ይወስናል። ለብዙ ዓመት የሚበቃ አከማችቶ ነፍሱን ሊያሳርፍ ሲያስብ በዚያው ሌሊት ይጠራል። በስብከት ላይ ጎልቶ የሚነገረን ድንገተኛ ሞቱ ነው፤ እኔን ግን ይህ አያሳምነኝም። ሞትማ የደጉንም የክፉውንም ዕቅድ እኩል ያቋርጣል። ማቀዱም በራሱ አያስነቅፈውም፤ ሁለት ምዕራፍ አልፎ፣ ግንብ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የሚናገረው ያው ክርስቶስ ነው።

የዚህ ባለጸጋ ነገር የሚያስገርመው ብቸኝነቱ ነው። የሚመክረው ከራሱ ጋር ነው፤ የሚወስነው ለራሱ ነው፤ ለድግሱ የጠራትም አንዲት እንግዳ የገዛ ነፍሱ ናት። ያን ሁሉ እህል ያረሱለት፣ ያጨዱለት፣ የወቁለት ሰዎች የት ሄዱ? ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ሠራተኛ አንድም ሰው በታሪኩ ውስጥ አይታይም። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው ባስልዮስ በዚህ ምሳሌ ላይ በሰበከው ስብከት ይህችን ነገር አልሳታትም፤ ሰውዬው ጎተራ አጣሁ ያለው የድሆችን ሆድ ስላላየ ነው ይላል ሐሳቡ። ግቡ ትልቅ መሆኑ ወይም ሩቅ ማለሙ አልነበረም ጥፋቱ። በግቡ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ የሚገሥጻቸው ነጋዴዎች አሉ፤ እዚያ ከተማ ወርደን፣ ዓመት ተቀምጠን፣ እንዲህ አትርፈን እንመለሳለን የሚሉ። ጌታ ቢፈቅድ በሉ ይላቸዋል። ሮቤና ጎባ ላይ ይህን ለማስተማር መድከም አያስፈልግም። አንዱ «እግዜር ካለ» ሲል ጎረቤቱ «ኢንሻአላህ» ይላል፤ ሁለቱ ተገናኝተው ቀጠሮ ሲይዙ ደግሞ ሁለቱም ይባላል። ችግሩ አባባሉን በምን ላይ እንደምናውለው ነው። እንደማይመጣ እያወቀ «እግዜር ካለ» ብሎ የሚለያይ ሰው አምላኩን የሰበብ መደበቂያ አድርጎታል። ከእሱ የማይሻለው ደግሞ ሁሉን ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ የፈቃድ ቃሏን እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ከወረቀቱ ግርጌ የሚያሳርፋት ነው። ያዕቆብ የጠየቀው ከሁለቱም ይከብዳል፤ መንገዴ ሲዘጋ ግቤ እኔ ያልመረጥኩትን መንገድ እንዲይዝ አስቀድሜ እሺ ብያለሁ ማለት ነው። ይህን ማለት የሚችለው ደግሞ ግቡ ከራሱ የሚሰፋ ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ስልጠናውና የዕቅድ ቅጹ ከመምጣቱ በፊት የእኛ ሰው ግቡን የሚያወጣው በስለት ነበር፤ ዛሬም አልተወውም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። ስለት አንድ የሚደነቅ ጥበብ አለው፤ የምለምነውንና የማደርገውን ለይቶ ያስቀምጣል። ልጅ መውለድ፣ ከሕመም መዳን፣ ከስደት በሰላም መመለስ በእጄ ስላልሆነ እለምነዋለሁ፤ ጃንጥላውን ማግባት፣ ድሃውን ማብላት ግን የእኔ ነው፣ ቃል እገባዋለሁ። የዛሬው የግብ አወጣጥ ይህን ድንበር አፍርሶ ውጤቱንም «የእኔ ነው» አለ፤ ስለዚህ ውጤቱ ሲቀር ሰውየው አብሮ ይፈርሳል።

ስለት ቅዱስ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ንግድ ሲሆን አይተናል። በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ስለቶች አሉ፤ ጎን ለጎን ቢነበቡ ደስ ይለኛል። ሐና ልጅ ለመነች፤ ስለቷ የለመነችውን ያንኑ ልጅ መልሳ መስጠት ነበር፤ ጡት ስታስጥለው ሳሙኤልን ወደ ሴሎ ወስዳ ለዔሊ አስረከበችው። ዮፍታሔ ደግሞ በአሞን ልጆች ላይ ድል ለመነ፤ ስለቱም በሰላም ሲመለስ ከቤቱ ደጅ ሊቀበለው የሚወጣውን ነበር፤ የወጣችው አንዲት ልጁ ናት። የሐናን ስለት የከፈለችው ራሷ ሐና ናት፤ የዮፍታሔን ግን የከፈለችው ልጁ ናት። ከግቦቻችን ስንቱ የዮፍታሔ እንደሆነ ቆም ብሎ ማየት ያስፈራል። አባት ቤት ሊሠራ ያልማል፣ ልጅቱ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ትከፍለዋለች። አገልጋይ ትልቅ አዳራሽ ሊያቆም «ራእይ» ያያል፣ ሚስቱና ልጆቹ በየምሽቱ ባዶ ወንበር ይከፍሉለታል። ክርስቲያን ግብ ሲያወጣ ዋጋውን ማን ይከፍለዋል ብሎ አለመጠየቁ ከስንፍና ይብሳል።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልምጣ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የባሌ ሰው አይደለም፤ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከኢሉባቦር ነው። ዛሬ ሮቤ ላይ በአፋን ኦሮሞ ወንጌል የሚያነብ ሰው ግን ከእሱ ሥራ ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ አጋማሽ ግድም ተወለደ፤ በልጅነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ይዘው ሸጡት፤ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ ነፃ ወጣ፣ ከስዊድን ወንጌላውያን ዘንድ ተማረ፣ በ1872 ተጠመቀ። ስዊድን ተልኮ ሠለጠነ። ግቡ አንድ ነበር፤ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ በቋንቋቸው ወንጌልን መንገር።

መንገዱ እምቢ አለ። እሱና ጓዶቹ በሱዳን በኩል ያደረጉት ጉዞ ከወለጋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ፤ በዚያ ጉዞ ንዳድ ሰው ቀጠፈ፤ ከኋላቸውም የመሐዲ አመፅ መንገዱን ዘጋው። በ1880ዎቹ በሸዋ በኩል የተሞከረው ደግሞ እንጦጦ ላይ ከምኒልክ የማለፊያ ፈቃድ አጥቶ ቀረ። ኦኔሲሞስ ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው ወደ ምኩሉ ተመልሶ በዚያ የባሕር ዳር ሐሩር ተቀመጠ። በዛሬ የዕቅድ ቅጽ ቢለካ፣ የተያዘው ግብ «አልተከናወነም» ተብሎ ይሞላል።

ምኩሉ ላይ ግን ትርጉም ጀመረ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በግዕዝ ፊደል፣ በ1899 ስዊዘርላንድ ታትሞ ወጣ። እግሩ ወለጋ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሊያስተምር የሚችለው የደረሰበትን መንደር ነበር። መጽሐፉ ግን እግሩ ያልረገጣቸውን አገሮች አዳረሰ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግቡ እንዴት ሳይሞት መንገድ እንደ ለወጠ ነው። ኦኔሲሞስ የፈለገው «ራሴን አገሬ ላይ ማየት» ቢሆን ኖሮ የምኩሉ ዓመታት ባክነው በቀሩ ነበር። ግቡ ውስጥ ግን ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ ፈለገ። ጳውሎስም እስጳንያ ሊሄድ አቅዶ ነበር፤ በመንገዱም ሮሜን ሊያይ። ሮሜ የደረሰው በሰንሰለት ታስሮ ነው። ለዚያ ጉዞ እንዲያግዙት ጭምር ለሮሜ ምእመናን የጻፈው መልእክት ግን፣ ጉዞው እንዳሰበው ባይሆንም፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው እየተቃረበ ዛሬም ይነበባል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆመኝ አልቆጣም። እንዲህ ከሆነማ የማይሳካ ግብ የለም ማለት ነው፤ የወደቀ ሁሉ «እግዚአብሔር የተሻለ ዕቅድ ነበረው» ብሎ የውድቀቱን ስም ሊለውጥ ይችላል፣ ቢለኝ እውነት አለው። ይህ አነጋገር በተለይ ለሌላ ሰው ሲነገር ጭካኔ ይሆናል። ዲጋሉ በነደደበት ማሳ ዳር ቆሞ ለገበሬው «ለበጎ ነው» ማለት ስድብ ነው፤ ዕዳ አለበት፣ ልጆች አሉት። ኦኔሲሞስን ከዚህ የሚለየው፣ ምኩሉን አገሬ ነው ብሎ አለማስመሰሉ ነው። ትርጉሙ እያማረለትም ሊሄድ የሚፈልገው ወለጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ገባ፤ በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ተጠግቶት ነበር። መድረሱም የታሪኩ ማብቂያ አልሆነም። በ1906 ካህናት ከሰሱትና እንዲሰደድ ተፈረደበት፤ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ቢፈቅዱም ማስተማር ተከለከለ። በአደባባይ እንዲሰብክ የተፈቀደለት ከዐሥር ዓመት በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። የተዘጋን መንገድ ተዘጋ ብሎ አምኖ፣ አዝኖ፣ ሥራውን አለማቆም አንድ ነገር ነው፤ የተዘጋውን መንገድ ክፍት ነበር ማለት ደግሞ ሌላ።

ሌላም ብዙ ጊዜ የምንዘልለው ነገር አለ። ስለ ግል ግብ የሚጻፈው ሁሉ ነገው በእጁ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ያዕቆብም የተናገረው ለነጋዴዎች ነው፤ ዓመት የሚያቅዱ፣ ከተማ የሚመርጡ። ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለሚመረቅ ወጣት «በአምስት ዓመት ውስጥ ራስህን የት ታየዋለህ?» የሚለው ጥያቄ ቢከብድም ይገባዋል። ጎባ ላይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ወይም በእህል ገበያ ጆንያ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ግን ነገ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። ክርስቲያናዊ የሚባል የግብ አስተሳሰብ ለእነዚህ የሚለው ከሌለው፣ ከባለጸጋው ጎተራ ብዙም አልራቀም።

አስቴር ጋኖ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። እሷም በልጅነቷ ተፈንግላ ተሽጣለች፤ በባሕር ላይ ከባሪያ ጫኝ መርከብ በጣልያኖች ነፃ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ1886 ምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ያኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። የት እንደምትኖር፣ መቼ አገሯ እንደምትገባ የምትወስንበት አንዳች ሥልጣን አልነበራትም። በእጇ የቀረው ቋንቋዋ ነበር። ለትርጉሙ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ዘፈኑን በመቶ በሚቆጠር ልክ ጻፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ታተመ። 

በልጅነቷ ማንም «ግብሽ ምንድን ነው?» ብሎ እንዳልጠየቃት መገመት አያስቸግርም። በ1904 እሷም ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ ነቀምትም ላይ ልጆችን ፊደል ማስቆጠር ጀመረች።