ከልብ ወደ ራስ፣ በአንገት በኩል

አማርኛ ማስተዋልን ያስቀመጠው ልብ ውስጥ ነው። «ልብ አድርግ» የተባለ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አያሳርፍም፤ አስተውል መባሉ ይገባዋል። ልባም፣ ልበ ቢስ፣ «አሁን ልብ ገዛ»፣ ሁሉም የአእምሮ ጉዳይ ናቸው። ይኸው ቋንቋ ግን ሲናደድ «ጭንቅላት የለውም» ይላል። ነፍስ የምታስበው ደረት ውስጥ ሆና ነው ወይስ ራስ ውስጥ? አርስቶትል ለልብ ፈረደ፤ መምህሩ ፕላቶ ደግሞ አሳቢዋን የነፍስ ክፍል ራስ ላይ አስቀምጧት ነበር።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ሐኪሙ ጌለን ክርክሩን በአሳማ ሊፈታው ተነሣ። ስቶይክ የሚባሉት ፈላስፎች ድምፅ ከደረት ስለሚወጣ ሐሳብም መኖሪያው እዚያው ነው ይሉ ነበር። ጌለን በሰው ፊት የሚጮኽ አሳማ አንገት ከፍቶ ከአንጎል የሚነሡትን ቀጫጭን ነርቮቹን በክር ቢያስር እንስሳው ዝም አለ፤ ክሩን ሲፈታው መልሶ ጮኸ። ትልልቆቹን የአንገት ደም ቅዳዎች ብቻ ማሰር ግን ድምፅ እንደማያጠፋ አሳየ። የእነዚህ ደም ቅዳዎች ስም፣ ካሮቲድ፣ ከባድ እንቅልፍን ወይም መደንዘዝን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ የጥንት ሰዎች ሲጫኗቸው ሰው ይደነዝዛል ብለው ያምኑ ነበር። ጌለን ይህን እምነት አጣጣለው። ያጣጣለው ግን ከመጠን አልፎ ነው።

ጣትን ከማንቁርት ጎን፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ነው፤ ምቱ ይሰማል። እዚያ አካባቢ ካሮቲድ ለሁለት ይከፈላል። ወደ አንጎል የሚወጣው ቅርንጫፍ ገና ሲነሣ በጥቂቱ ሰፋ ይላል፣ ግድግዳውም በነርቭ ጫፎች የተሞላ ነው። በ1920ዎቹ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪው ሄሪንግ የዚህን ቦታ ሥራ አሳየ፤ ቤልጅጋዊው ሄይማንስም በዚሁ መስክ ባደረገው ምርምር የ1938ን የኖቤል ሽልማት አገኘ። የሚገርመው፣ ነርቮቹ የሚሰማቸው የደሙ ግፊት ራሱ አይደለም፤ የግድግዳው መለጠጥ ነው። ሲለጠጥ ለአንጎል ይነግራሉ፣ አንጎልም ልብን ቀስ በል ይለዋል። አንዳንድ አዛውንት ጠባብ ኮሌታ ለብሰው አንገታቸውን ሲያዞሩ ራሳቸውን የሚስቱት ይህ ቦታ ከልክ በላይ ስሜተ ስስ ሲሆን ነው።

ውጥረት በአማርኛ ክፉ ስም አለው። እዚህ ግን ያልተወጠረ ግድግዳ ዲዳ ነው።

በእርግጥ አደጋም አለው። ደም ቅዳ በቁመቱም የተወጠረ ነው፤ ቢቆረጥ እንደ ላስቲክ ይሸሻል። ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር በግራ በኩል በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ እየተሹለከለከ የሚወጣው ቨርቴብራል ደም ቅዳ ከላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ዘንድ ይሳባል። ጠመዝማዛ መንገዱ ለዚሁ የተተወ ትርፍ ይመስላል፣ ብዙውን ጊዜም ምንም አይሆንም። አልፎ አልፎ ግን የውስጠኛው ሽፋን ተሰንጥቆ ደም በግድግዳው መካከል ይገባል፤ ይህ በወጣቶች ላይ ከሚታዩት የስትሮክ መነሻዎች አንዱ ነው። በ1993 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በውበት ሳሎን አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ፀጉራቸውን ከታጠቡ በኋላ ስትሮክ ስላገኛቸው ሴቶች ጽፏል።

አምላኪ ደግሞ በአንገቱ የሚጸልይ ፍጡር ነው። ሙስሊሙ በአምስቱ ግዴታ ሰላቶች በቀን 34 ጊዜ ግንባሩን መሬት ያስነካል፤ ሲጨርስም ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዞራል። ኦርቶዶክሱ በስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ይውላል። ራስ ዝቅ ሲል ደሙ በክብደቱ አንገት ላይ ይጫናል፣ ግድግዳው ይለጠጣል፣ ልብ ይረጋጋል፤ ቀና ሲል ሁሉም ይገለበጣል። ሰጋጁ ስለ ኃጢአቱ እያሰበ ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ አልቋል። «ነፍስ የት ተቀምጣለች?» የሚለው ጥያቄ ዙፋን ላይ ያለ ንጉሥ ይፈልጋል። አንገት ላይ የተገኘው ግን ንጉሥ አይደለም፤ ልብ የላከው ደም የሚወጥረው፣ ራስ ደግሞ የሚያደምጠው ስስ ግድግዳ ነው። ጌለንም ስቶይኮችም ይህን አልጠየቁም።

መጽሐፍ ቅዱስ እስራኤልን «አንገተ ደንዳና» ሲል ስለ ፈቃድ ነው፤ ዕድሜ ግን ቃሉን በሥጋም ይፈጽመዋል። ግድግዳው ሲደነድን መለጠጡ ይቀንሳል፣ ወሬውም ይደክማል።

በስቅለት ከሰዓት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ልጅ እግሩ ወድቆ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ስግደት ተዘጋጅቷል። አጠገቡ ያሉት እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሱት፣ ግንባራቸውን ከመሬት አንሥተው በጉልበታቸው ይቆያሉ፤ አንድ እጃቸው አፈሩን እንደተደገፈ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይጠብቃሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሣሉ።