የተለወጠው ብረትና ያልተለወጠው ነፍስ

በመገናኛ የታክሲ ተራ ቆሜ፣ ሞተሩም በሩም መሪውም ተለውጦ የድሮ ታርጋው ብቻ የቀረለት ሚኒባስ ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር፣ ከሶቪየት ኅብረት መጥተው በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት የዘመቱት ሚ-24 ተዋጊ ሄሊኮፕተሮች ትዝ ይሉኛል፤ አምስቱ የላይ ክንፎቻቸውና ሁለቱ ሞተሮቻቸው የበረራ ሰዓታቸው ሲሞላ፣ ነቅ ባይታይባቸው እንኳ፣ ወርደው በሌላ ይተካሉና።

ፕሉታርክ ስለ ቴሴውስ መርከብ ሲጽፍ፣ የበሰበሰ ሳንቃዋ ሁሉ በአዲስ ከተተካ በኋላ ያችው ናት ወይስ ሌላ ብለው ፈላስፎች እንደ ተከራከሩ ነግሮናል። የእኛ ጥያቄ ግን ይከብዳል፦ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይ፣ በሐውዜን ገበያ ላይ እሳት ከሰማይ ካወረደው ብረት አንድ ብሎን እንኳ ባይቀር፣ በደሉ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ተጣለን?

ብረት ነባቢት ነፍስ የለውምና ኃጢአት አይቆጠርበትም፤ ይህን እቀበላለሁ። አብራሪውም ቆዳው ታድሶ ፀጉሩ ሸብቶ ሳለ፣ ነፍሱ አንዲት ስለ ሆነች፣ «ያ ሌላ ሰው ነበር» ብሎ ንስሓ ሊገባ አይቻለውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ መካኒኩ ነው፦ ቢሾፍቱ አየር ኃይል ውስጥ ብሎን ሲያጠብቅ የዋለ፣ በእጁ ከቅባት በቀር ምንም የሌለበት፣ ማታ በንስሓ አባቱ ፊት ተንበርክኮ ከምን እንደሚጀምር የሚቸግረው ሰው።